ወደ ጎብዬና ቆቦ መቼ ይኬዳል?

በአዲስ አበባ ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ወደ ባንኮክ የተመላለሰ ሰው አይታጣም። እንዲህ ያለውን ሰው ‹‹ባንኮክ መቼ ቢኬድ ይሻላል?›› ብትሉት ለመልሱ አያመነታም። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ያስጨንቃል፤ ከዚያ እስከ ጥቅምት ዝናቡ አያባራም ይላችኋል። ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ውሃ የሚራጭበትን የአዲስ ዓመት በዓላቸውን ጭምር ሳይጨምርላችሁ አያልፍም። ይኸው ሰው ‹‹ወደ ጎብዬስ መቼ ይኬዳል?›› ተብሎ ቢጠየቅ ግን የሚመልሰው በጥያቄ ነው። ‹‹ጎብዬ የት ነው?››

አይፈረድበትም። አብዛኞቻችን የራያን ቆላ የምናውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአውቶቡስ መስኮት፣ ወደ መቀሌ ስናልፍ ነው። ሁለተኛው በዜና ነው፤ ድርቅ ሲገባ፣ አንበጣ ሲወርድ ወይም ጦርነት ሲነሳ። ወርዶ ያደረ፣ እሸት የቀመሰ፣ ሠርግ የታደመ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ‹‹መቼ ልሂድ?›› ለሚል ሰው የሚሆን መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። መልሱ ለባንኮክ እንደሚሰጠው በሙቀትና በዝናብ ብቻ አያልቅም። በራያ ቆላ ወቅት ሥራም፣ ምግብም፣ መንገድም ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰላም ነው።

ቦታው

ጎብዬ በሰሜን ወሎ ዞን፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ ወልዲያ እስኪደረስ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልዲያ ቆቦ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መንገዱ ከወልዲያ ቁልቁል ይወርድና የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሜዳው ይገባል። ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ በተርታ ይከተላሉ፤ ከቆቦ በኋላ አላማጣ ነው። ለአዲስ ተጓዥ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በዚሁ መንገድ ላይ ሁለት ሮቢት አለ፤ አንዱ የሸዋው፣ ሌላው የራያው። ትኬት ሲቆረጥ የትኛው እንደሆነ መግለጽ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ሜዳው በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋ ነው። በምዕራብ የላስታ ደጋ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይከልለዋል፤ ከዞብል ማዶ አፋር ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የመዲናዋ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከ800 ሜትር በላይ ወርዶ ያድራል ማለት ነው። ሹራቡን ወልዲያ ላይ ያወልቃል።

እንግዳ ሰው መጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው ነገር ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ጥቂትና የማይታመን ነው። ዋናው ውሃ የሚወርደው ከምዕራቡ ደጋ ነው። ጎቡና ሆርማት የተባሉት ወንዞች በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆነው ይታያሉ፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በአንድ አፍታ ይሞላሉ። የራያ ገበሬ ይህን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባት ከጥንት የሚያውቀው ሙያ ነው። ጎርፉ የሚያመጣው ደለል መሬቱን ያዳብረዋል። ስለዚህ እዚህ አገር ማሳው ላይ ሳይዘንብ እህል ሊበቅል ይችላል፤ ሰማዩ ጠርቶም ሰውና ከብት በጎርፍ ሊወሰድ ይችላል።

መፀው፦ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ምርጡ ወቅት ይህ ነው። በተለይ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ያለው ጊዜ። ዝናቡ አልፏል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ሙቀቱ ቀን ቀን ቢበረታም ማታ ማታ ይበርዳል። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መንገዱን ግራና ቀኝ ይሸፍነዋል። ልጆች በየማሳው ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ ይታያሉ። ጥንቅሽ የሚመጠጠው፣ እሸት ማሽላ በእሳት ተለብልቦ የሚቀርበውም በዚሁ ሰሞን ነው። ኅዳር ላይ የጤፍ አጨዳ ይጀመርና የማሽላው ቆረጣ ይከተላል። ቀጥሎ አውድማ ነው። ሰው ሥራ ይበዛበታል፤ ቤቱ ግን ሙሉ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቷ የምታቀርበው አታጣም፤ ከዚህ የበለጠ የመስተንግዶ ወቅት የለም።

ስለ ማሽላ ካነሳን አይቀር፣ ‹‹ጎብዬ›› የከተማ ስም ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ከተለቀቁትና አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ ይህንኑ ስም ይዟል። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ፣ አበባው የሚያምር፣ ሥራው ግን የከፋ አረም ነው። ይህን አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት ሥራቸው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በላብራቶሪና በጉባኤ ስሟ የሚነሳ ከተማ ጎብኚዎች የማያውቋት መሆኗ ያስገርማል።

ወቅቱ እንከን አልባ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በታች ባለ አገር ሁሉ እንደሚሆነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ አጎበር ሳይዙ ማደር አይገባም። ሌላው የትራንስፖርት ነገር ነው። መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሳምንት የደሴ መስመር መኪና በምዕመናን ይሞላል። በዓሉን ለማክበር ለማይሄድ ሰው አንድ ሳምንት ቆይቶ መነሳት ይሻለዋል።

በጋ፦ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25

በዓልና ሠርግ ለሚወድ ሰው በጋ ከመፀው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በገና ላሊበላን ተሳልሞ በወልዲያ በኩል ወደ ቆቦ መውረድና ጥምቀትን እዚያ መዋል አንድ የተሟላ ጉዞ ይሆናል። የራያ ጥምቀት በጭፈራው የታወቀ ነው። ወጣቱ ዱላውን ይዞ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ ታቦት ሲያጅብ የሚያሰማው ዜማና የሚረግጠው ምት ከሌላው ወሎ ይለያል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ የሠርግ ሰሞን ነው። ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን ከገና እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ቢመርጡ ከሁለቱም ይካፈላሉ።

በበጋ ሜዳው ሁሉ ደርቆ አይገኝም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት አማካይነት የከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ የሚለማ መሬት አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ሲታጨድና ሲለቀም፣ አጠገቡ ያለው ባዶ ማሳ አቧራ ሲያነሳ አንድ ላይ ይታያል። የውሃን ዋጋ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በዚሁ ወቅት የአፋር ግመሎች ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ፤ ገበያውም ይደምቃል። እርሻ ሥራው ስለሚቀልም ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጊዜ ይሄ ነው። የራያ የሽምግልና ሥርዓት ደም ማድረቅን፣ ማለትም ነፍስ የጠፋበትን ጠብ ማስታረቅን ይጨምራል። ፍርድ ቤት ገዳዩን አስሮ ሲፈታ የሁለቱ ቤተሰብ ቂም እንዳለ ይቆያል፤ ሽማግሌው የሚደክመው ያንን ቂም ለማንሳት ነው። ሕግ የተማረ ሰው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ቢያዳምጥ ከማንኛውም የዕርቅ ዐውደ ጥናት የበለጠ ይዞ ይመለሳል።

ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ግን ሙቀቱ መጨመር፣ ነፋሱም አቧራ ማንሳት ይጀምራል። የሑዳዴ ጾም ስለሚገባም የፍየል ጥብስ አስቦ የሄደ ሰው በሽሮ ይመለሳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ከሑዳዴ ጋር የሚገጣጠምባቸው ዓመታት አሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶና ተጋብቶ በሚኖርበት አገር ሁለቱም ሲጾሙ ማየት ራሱን የቻለ ትዝታ ነው።

ፀደይ፦ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25

ምቾት ለሚፈልግ ሰው ይህ ወቅት አይመከርም። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ወጥቶ የሚውልበት፣ ሌሊቱም እንቅልፍ የሚነሳበት ጊዜ ነው። የዓመቱ ውሳኔ የሚሰጠው ግን በዚህ ጊዜ ነው። የበልግ ዝናብ በወቅቱ ከጣለ ገበሬው የአገሬውን ማሽላ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ይዘራል። ይህ ማሽላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ምርቱ ብዙ፣ አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ የሚበቃ ነው። በልጉ ከቀረ ደግሞ ገበሬው ሌላ ስሌት ውስጥ ይገባል። ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ያገኝ ይሆን? ወይስ እስከ ሐምሌ ጠብቆ ጤፍ ይዝራ? ዘሩን መሬት ላይ ጥሎ ዝናቡ ቢጠፋ የሚተካውን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ይህ ወቅት የሚስማማው ለመዝናናት ሳይሆን ለመረዳት ለሚሄድ ሰው ነው። የግብርና ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ፣ የባንክ ብድር ሹም ወይም ሕግ አርቃቂ ቢሆን ከገበሬው ጋር አንድ ቀን ሰማይ ሲያይ ቢውል ይጠቅመዋል። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ ዝናቡ ሲታጎል ሰሜን ወሎ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። የችግሩ ወሬ አዲስ አበባ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ገበሬው ግን ገና በበልጉ አውቆት ነበር።

ክረምት፦ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25

ክረምት ለዓይን ያምራል፤ ለእግር ያስቸግራል። ዞብልና የላስታ ግርጌ አረንጓዴ ይለብሳሉ፤ በለስ ይበስላል፤ ጎርፍ ጠላፊው ቀንም ሌሊትም ቦዩን ይጠብቃል። የውሃ ክፍፍሉ የራሱ ወግ አለው። የላይኛው ማሳ ሲረካ ለታችኛው ይለቀቃል፤ ተራ የጣሰ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ለመንገደኛ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ደረቅ ነው ብሎ በወንዝ አሸዋ ላይ መኪና ማቆምም ሆነ መዝናናት አይገባም፤ ጎርፉ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ ጊዜ አልቋል። ሁለተኛ፣ ከጣርማበር ጀምሮ ያለው ተራራማ መንገድ በጭጋግና በናዳ ስለሚያስቸግር የጉዞ ቀን በአንድ ቀን ማራዘም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ክረምትን ለመምረጥ አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ ሶለል። ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የሚጀመረው የልጃገረዶች በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ሲባል በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ አምረው ለብሰው፣ በቡድን በቡድን ሆነው እየዞሩ ይዘፍናሉ። በዓመቱ ውስጥ መንገዱም፣ አደባባዩም፣ ንግግሩም የእነሱ የሚሆንባቸው ቀናት ናቸው። ለሶለል የሚሄድ ሰው ከነሐሴ 14 በፊት ቢደርስ ዝግጅቱንም ያያል።

በባሕረ ሐሳብ የማይገኘው ወቅት

እስካሁን የተጻፈው በሰላም ጊዜ የሚሠራ ነው። የራያ ቆላ የቅርብ ዘመን ታሪክ ግን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭቷል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቆቦ ሰሜን፣ ከደጋው ላይ ባለችውና በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የተቀረጸው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ። ጥቅምት ማሽላ የሚያሽትበት ወር ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ ሲቃረብ የበረሃ አንበጣ ወረደበት።

ጦርነቱ ከዚህም የከፋ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ፤ ሐምሌ ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው። ጳጉሜን 4 ቀን፣ ለዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በቆቦ ሲቪሎች በጅምላ ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ይህንኑ በየካቲት 2014 ባወጣው ሪፖርት ይፋ አድርጓል። ለወራት የቆመው ውጊያ እንደገና በዚሁ በቆቦ ዙሪያ የተጀመረው ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ይህ ከሶለል ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሹሩባው ሳይፈታ ሽሽት ሆነ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ያንን ጦርነት ቢያቆመውም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የቀጠለው ግጭት ሰሜን ወሎንም አልማረም።

ሕግ የተማረ ሰው አንቀጽ ሳይጠቅስ አያልፍምና፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ድንጋጌው የሚነሳው ብዙ ጊዜ በፖለቲካ ክርክር ነው። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ‹‹ኅዳር ላይ ጎብዬ ሄጄ እሸት ልብላ›› ሲል፣ የጎብዬ ሰውም ‹‹ለሕክምና አዲስ አበባ ልሂድ›› ሲል የሚከለክለው መኖር የለበትም። መንገድ ሲዘጋ ጎብኚው የሚያጣው ሽርሽር ነው። ነዋሪው ግን ቲማቲሙ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ ሕመምተኛው ወልዲያ ሆስፒታል ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ የወቅት ምርጫ የሚጀምረው ከአየሩ ሳይሆን ከስልክ ነው። ከመነሳት በፊት እዚያው የሚኖር ሰው መጠየቅ፣ መኪናው ዛሬ ሄዷል ወይ ብሎ ማረጋገጥ፣ ከተጠራጠሩም መተው ይገባል። ኅዳር በየዓመቱ ይመጣል።

ለተጓዥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወልዲያ የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሱት ማለዳ ነው። በአንድ ቀን ቆቦ ለመግባት ከመጣደፍ ይልቅ ደሴ ወይም ወልዲያ አድሮ በማግስቱ መውረድ ይሻላል። በሌሊት መጓዝ በየትኛውም ወቅት አይመከርም። በአየር የሚሄድ ሰው ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ ወርዶ ቀሪውን በመኪና ይጨርሳል። መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ አጎበርና የሚጠጣ ውሃ መያዝ ግድ ነው፤ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል በስልክ ብቻ እከፍላለሁ ማለት አያዋጣም። ድልድይ፣ ኬላና ወታደር ፎቶ ማንሳት መዘዝ ያመጣል። ልብስ ቀላል ይሁን፤ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ምሽት ግን ጋቢ አይጠላም።

በአጭሩ፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይመረጣል። ለበዓልና ለሠርግ ጥር፣ ለሶለል ነሐሴ 16 ነው። ግንቦትና ሰኔ ለሥራ ካልሆነ በቀር ይቅሩ።

ወዳጁን በለቅሶ ቀን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ‹‹ደራሽ ነው›› ይባል ይሆናል እንጂ ወዳጅ አይባልም። እኛ የከተማ ሰዎች ለራያ ሕዝብ እስካሁን የሆንነው ይህንኑ ነው። በ1965ም፣ በ1977ም፣ በ2013ም የሄድነው ወይም የላክነው ለለቅሶ ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነ በመጀመሪያው ኅዳር፣ ምንም ሳይሆኑ፣ እህሉ በአውድማ ሳለ ብንጠይቃቸው ግን ጎብዬ የት እንደሆነች የሚጠይቅ ሰው ቁጥር ይቀንሳል።